ኮራል ጨለማ ውስጥም ይኖራል፤ ይቅርታ ተማሪዬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈተና ላይ «ኮራል ለመኖር ምን ያስፈልገዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። የምፈልገው መልስ ሞቃት ውሃ፣ ጥልቀት የሌለው ባሕርና ፀሐይ ነበር። አንዲት ተማሪዬ «ጨለማና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚኖርም አለ» ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባት። ይኸው በአደባባይ፦ ልክ አንቺ ነበርሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሎፌሊያ ይባላል (ሳይንሳዊ ስሙን አሁን ዴስሞፊለም ብለው ቀይረውታል፣ እነሱ ስም መቀየር አይሰለቻቸውም)። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 መዝግቦታል፤ ስለዚህ «አዲስ ግኝት ነው» ብዬ ማምለጥ አልችልም። እንደ ሞቃት ባሕር ኮራሎች በሰውነቱ ውስጥ አልጌ አያኖርም። ስለዚህ ፀሐይ አያስፈልገውም፤ ሞገድ ይዞለት የሚመጣውን ጥቃቅን ፍጥረት እየያዘ ይበላል። ኖርዌይ ውስጥ በ2002 የተገኘው የሮስት ሪፍ ከ300 እስከ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ርዝመቱ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ቢጠፋስ? ቴክኖሎጂ አለ፣ መልሰን እንተክለዋለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። እስቲ ቆይ! ቅርንጫፉ በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር የሚለካ ነው። ሪፉ የሚቆመው ደግሞ በሺህ ዓመታት በተደራረበ የሞተ አጽም ላይ ነው። በከባድ ብረት የተወጠረ መረብ ወለሉን እየጎተተ ሲያልፍ ግን ያን ሁሉ በአንድ ቀን ይፈጨዋል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ከአገራቸው ሪፎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በዚህ መረብ ተጎድቷል ብለው ገምተዋል።

ማስረጃ ካላችሁኝ፣ ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ዳርዊን ማውንድስ የሚባል ቦታ አለ። በ1998 ተገኘ፣ በ2003 መረብ መጎተት ተከለከለ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሄደው ሲያዩት ክፉኛ የተጎዳው ክፍል አላገገመም። ብዙም ያልተነካው ግን እንዳለ ነበር። ክልከላው የጠቀመው ያልሞተውን ነው።

ስዊድኖች ሴኬን የሚባለውን በአገራቸው በሕይወት የቀረ ብቸኛ ሪፍ ለማዳን ሰው ሠራሽ መዋቅር ባሕር ውስጥ እያስቀመጡ ነው። ይህን ሥራ አልቃወምም፣ አደንቃለሁ። እነሱ ራሳቸው ግን ከዚህ በፊት ሌላውን አጥተው ነው እዚህ የደረሱት። የምቃወመው ተከላውን ለመጎተቻው መረብ ይቅርታ መጠየቂያ የሚያደርጉትን ነው። መጀመሪያ መረቡን አንሡ፣ ከዚያ ስለ ተከላ እናውራ።

«ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?» የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለን የጥንት ጽድ ቆርጦ «ለካሳው አሥር ችግኝ ተክያለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? እንግዲህ ያው ነው።

ያቺ ተማሪ ይህን ካነበብሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ። ሮስተሩ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቢሆንም ሁለት ማርክ አለብኝ።