ጭፈራን የሚያቆም ካሜራ

በወላይታ ሶዶና በዞኑ ወረዳዎች የወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ጊፋታ ሲከበር የሚነሡት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ለአንድ ያልተጻፈ ሕግ ይገዛሉ፤ ይኸውም የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ፣ እንደ ቆመ ሆኖ መውጣት አለበት፣ ብዥታ የታየበት ምስል ግን የአንሺው ጉድለት ነውና ይሰረዝ የሚል ነው። ሕጉ የሙያ ጥንቃቄ ቢመስልም፣ በአመዛኙ ካሜራው ወይም ስልኩ በራሱ የመረጠውን ፍጥነት ያለ ጥያቄ ከመቀበል የሚመጣ ልማድ ነው።

ነገሩ በጎልፍ ምት በደንብ ይታያል። የተካነ ተጫዋች ሲመታ የዱላው ጫፍ በሰከንድ ወደ 50 ሜትር ይከንፋል፤ የካሜራው መዝጊያ (ሹተር) ለሰከንድ አንድ ሺሕኛ ብቻ ሲከፈት ጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ለአንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ሲከፈት ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል። በፊተኛው ምስል ዱላ የያዘ ሰው ይታያል፤ በኋለኛው ግን ራሱና እግሮቹ ከሞላ ጎደል ጸንተው ሳሉ እጆቹና ዱላው የሚሠሩት ቅስት፣ ማለትም ምቱ ራሱ ይታያል። ፈጣን ነገርን በብልጭታ በማስቆም የታወቀው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1938 የጎልፍ ተጫዋቹን ዴንስሞር ሹትን ሲያነሣ ደጋግሞ የሚበራ ፍላሽ ተጠቅሞ ብዙ ቅጽበቶችን በአንድ ምስል ላይ አሳረፈ፤ ምቱን ለማሳየት አንዷ ቅጽበት አልበቃችውም።

የወላይታ ጭፈራም ኃይሉ በወገብ ውስጥ ነው። ጨፋሪው ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ወገቡን ከሙዚቃው ምት ጋር ሲያስኬድ፣ በሰከንድ ሺሕኛ የተቀረጸው ምስል ጎንበስ ያለና ልብሱ ወደ አንድ ወገን የዞረ ሰው ከማሳየት አያልፍም፤ ጭፈራውን የማያውቅ ተመልካች ሰውዬው ሊቀመጥ ነው ወይስ ሊነሣ እያለ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በአንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ግን ፊቱ ሊለይ በሚችል መጠን ጸንቶ ወገቡና የልብሱ ቀለማት ሲፈሱ ይታያሉ። የሚገርመው፣ እነዚያው አንሺዎች የአጆራን መንትያ ፏፏቴዎች ሲያነሡ መዝጊያውን ሆነ ብለው አዘግይተው ውኃውን እንደ ሐር ያፈሱታል፤ ለውኃ የተፈቀደው ፍሰት ለሰው የተከለከለበት ምክንያት አይገባም።

የጥራት ደጋፊዎች ጥርት ያለው ምስል እውነቱን ይናገራል ይላሉ። ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ብዙዎቹ የስልክ ካሜራዎች ምስሉን ከአንድ ጠርዝ ጀምረው መስመር በመስመር ስለሚያነቡ፣ በፍጥነት የሚወናጨፍ ቀጥ ያለ ዱላ ጥርት ብሎ ግን ቆልመም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ሌላው መከራከሪያቸው ግን ሚዛን የሚደፋ ነው፦ ማስረጃ ለሚፈለግበት ሥራ ብዥታ አይጠቅምም። የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰናብት፣ ኳሷ መስመሩን ማለፍ አለማለፏን የሚያሳይ ምስል በእርግጥ ቅንጣት ብዥታ ሊኖረው አይገባም። ጭፈራ ግን የዳኛ ውሳኔ አይጠብቅም።

ይህ ማለት ማንኛውም ብዥታ ይወደሳል ማለት አይደለም። አንሺው ካሜራውን አጽንቶ ባለመያዙ የሚመጣው ብዥታ ሁሉንም ነገር፣ ግድግዳውንም ሰማዩንም አብሮ ያደበዝዛልና ስህተት ነው፤ የእንቅስቃሴ ብዥታ የሚባለው ግን ካሜራው በትራይፖድ ላይ ጸንቶ የሚንቀሳቀሰው አካል ብቻ ሲፈስ የሚገኘው ነው። ለዚህ ብልሃት ያስፈልጋል፤ በመስከረም የቀትር ፀሐይ የብርሃኑ መግቢያ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ቢጠብብና የብርሃን ንቃቱ (አይ ኤስ ኦ) 100 ላይ ቢወርድም፣ መዝጊያውን ወደ አንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ማዘግየት ምስሉን ከልክ በላይ ያነጣዋል። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚያወርድ ጥቁር ማጣሪያ በሌንሱ ላይ መግጠም፣ ወይም ማጣሪያ የሌለው አመሻሹን መጠበቅ ይኖርበታል። ከብዙ ሙከራም ጥቂቱ ብቻ ይሳካል፤ ብዥታን የስንፍና ውጤት አድርጎ የሚንቀው አስተያየት ይህን ድካም አይቆጥርም።

የጊፋታን ምስሎች ለቀን መቁጠሪያ፣ ለመጽሔት ሽፋንና ለአዳራሽ ግድግዳ የሚመርጡ ሰዎች እንግዲህ ወገቡ የፈሰሰበትን ምስል ከመሰረዛቸው በፊት ጥርት ካለው ጎን አስቀምጠው፣ የትኛው ጭፈራ እንደሚመስል ጨፋሪዎቹን ራሳቸውን ይጠይቁ።