አልጋ በወንፈል፦ የድሬን ታሪክ ማን ይጻፈው?

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ አንድ ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አንድ ወዳጄ ስልኩን አዞረልኝ። ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የሚያጠናው የድሬዳዋን የምድር ባቡር ሠራተኞች ታሪክ ነው። ስክሪኑ ላይ ፈረንሳይ አገር ያለችው የኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ የሆቴል ዋጋ ተደርድሯል። «አየህ? የአንድ ሌሊት አልጋ የወር የቤት ኪራዬን ያስንቃል» አለኝ። «አቦ፣ ይሄን ጥናት ልተወው መሰለኝ።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳንርቅ ተቀምጠን የባቡሩን ታሪክ ለማንበብ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ነገሩን ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው የፈረንሳዮች ነበር፤ ጅቡቲም ያኔ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ስለዚህ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ይጻጻፈው የነበረው ወረቀት ዛሬ የሚገኘው ኤክስ ውስጥ፣ በፈረንሳይ የባሕር ማዶ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ሰነድ ፓሪስ አጠገብ ላ ኩርነቭ፣ ከኤምባሲና ከቆንስላ የተመለሰው ደግሞ ናንት ከተማ ተቀምጧል። እዚህ ምንም የለም እያልኩ አይደለም፤ ሰነድም የአያቶቻችን ትዝታም አለ። ነገር ግን የታሪኩ ትልቅ ክፍል ባሕር ማዶ ነው።

«ስካን አድርገው ለምን አይልኩልንም?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ሆኖም እስካሁን ወደ ዲጂታል የተቀየረው ጥቂቱ ነው። ቀሪውን ለማንበብ እዚያው ሄዶ ካርቶኑን ማስወጣት ግድ ይላል። የማንበቢያ አዳራሹ በር ለሁሉም ክፍት ነው። የእኛን ልጅ የሚያስቀረው የማደሪያው ነገር ነው።

እሺ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ፈረንሳይ የአጭር ጊዜ ቪዛ ስትሰጥ የት እንደምታድሩና በቀን ስንት ዩሮ እንዳላችሁ ትጠይቃለች። ሁለቱ ደግሞ የተያያዙ ናቸው። ሆቴል ከያዛችሁ በቀን 65 ዩሮ ማሳየት አለባችሁ፤ ለ30 ቀን 1,950 ዩሮ ማለት ነው። ማረፊያ ካልያዛችሁ በቀን 120 ይሆናል፤ 3,600 ዩሮ። እዚያ የሚኖር ሰው ቤቱ የሚያሳድራችሁና በአካባቢው ማዘጋጃ ቤት የተረጋገጠ ወረቀት የሚልክላችሁ ከሆነ ግን በቀን 32.50 ብቻ ነው፤ 975 ዩሮ። አያችሁ? አገሩም ሥራውም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሚያሳድር ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ዜናዎች ተደረቡ። አንደኛው የብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ዩሮውም አብሮ ወጣ። ለላኪው፣ ከውጭ ገንዘብ ለሚላክለትም ቤተሰብ ጥቅም አለው። የመምህር ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልሮጠም።

ሁለተኛው የቪዛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ የሸንገን ቪዛ አሰጣጡን አጠበቀ። ምክንያቱ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ በኩል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ገባ። ለተመራማሪ ይህ ምን ማለት ነው? በአንድ ጉዞ ያልጨረሰውን ለመጨረስ ሁሉንም ከሀ መጀመር። መልሱ ሲዘገይ ደግሞ የያዘው ርካሽ አልጋ ያመልጠዋል።

ወዳጄን ታዲያ «ተወው» አላልኩትም። የምናውቀውን አንድ በአንድ ጻፍን፤ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

ማመልከቻ ከጉዞው እስከ 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ቀድሙ። አልጋ ስትይዙ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለውን ምረጡ። ሐምሌን ሽሹ፤ ኤክስ በዚያ ወቅት ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ስላላት ከተማው ይሞላል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን ማርሴይን አስቡ፤ አውቶቡስ ይመላለሳል። የፈረንሳይ የተማሪዎች አገልግሎት የሆነው ክሩስ ለተማሪና ለተመራማሪ በአጭር ጊዜ የሚያከራየው ክፍል አለው። ፓሪስ ለሚሄድ ከ1925 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ተማሪና ተመራማሪ የሚያሳድር ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ መንደር አለ። የቤተ መዛግብቱ ማውጫ ኢንተርኔት ላይ ስላለ የምትፈልጉትን ካርቶን ቁጥር እዚሁ ድሬ ሆናችሁ ልቀሙ፤ ሁለት ሳምንት የቀነሰ ዝግጅት የሁለት ሳምንት አልጋ አተረፈ ማለት ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ የውሸት ቡኪንግ ግን እንዳትነኩ፤ ከተነቃበት ቪዛው ይከለከላል፣ ስማችሁም ይበላሻል። ፎቶ ብቻ አይታችሁ ለማታውቁት አከራይ ገንዘብ አትላኩ።

ይህ ሁሉ አንድን ሰው ያሻግር ይሆናል፤ ከተማን ግን አያሻግርም። የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው። ማደሪያ የተመራማሪው የግል ጣጣ ተደርጎ መታየት የለበትም።

አባቶቻችን ይህን ገብቷቸው ነበር። ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የሆነ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ አዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ያሳተሙት እዚያ እየኖሩ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍም በ1649 አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸው ሮም ውስጥ ነው፤ ከሳቸው የተማረውን ይዞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ያ ቤት ባይኖር ኖሮ አባ ጎርጎርዮስ የት ያድሩ ነበር? ሉዶልፍስ ማንን ይጠይቅ ነበር?

ዛሬ ያንን ቤት የሚተካው የተቋማት ስምምነት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከውጭ አቻዎቻቸው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማሉ። ፎቶ ይነሳል፣ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፣ እኛም ላይክ እናደርጋለን። ሰነዱ «የተመራማሪዎች ልውውጥ» ይላል። ልውውጡ የት ነው የሚያድረው?

ገበሬው ወንፈል የሚለው ነገር አለው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። አልጋም በወንፈል ይሆናል። የነሱ ተመራማሪ ድሬ ሲመጣ እኛ በብር እናሳድረው፤ የእኛ ልጅ እዚያ ሲሄድ እነሱ በዩሮ ያሳድሩት። ለአልጋው ከአገር የሚወጣ አንድ ዩሮ የለም። ማረፊያው ተሸፍኗል የሚል የተቋም ደብዳቤም የቪዛ ማመልከቻውን ያጠናክረዋል። «ለመድኃኒትና ለነዳጅ ያልበቃ ዶላር ለአልጋ?» የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ወንፈሉ የሚመልሰውም እሱኑ ነው። ድሬ ደግሞ እንግዳ መቀበል አታጣም። ባቡሩ ካመጣው ግሪክ፣ አርመን፣ ዓረብና ሕንድ ጋር በአንድ ግቢ የኖረ ሕዝብ አልጋ ለማካፈል አያንስም።

ፈረንሳይ ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ እናንተም አላችሁበት። ያ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ለአሳዳሪው 30 ዩሮ የቴምብር ክፍያ አለው። ወረቀቱን ለማውጣት ቤታችሁንና ገቢያችሁን ማሳየት ይጠበቅባችኋል፤ ለማያውቁት ሰው ይከብዳል። ግን የምታውቁት የሰፈር ልጅ ሲሆን?

ይህ ካልሆነ ምን ይሆናል? ታሪካችን መጻፉ አይቀርም። የሚጽፈው ግን ለኤክስ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። በጎ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጥሩም ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ስሙ ተጣሞ የተጻፈው ሠራተኛ የማን አያት እንደሆነ፣ የትኛው ሰፈር ይኖር እንደነበር ማን ይነግረዋል? ወዳጄ ግን ያውቀዋል። አያቱ ናቸዋ።

እስከዚያው እሱ የካርቶን ቁጥር እየለቀመ ነው። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ የመግባቢያ ሰነድ ፊርማ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስታዩ፣ ላይኩን አድርጉና ከሥሩ አንድ ቃል ጻፉ፦ «አልጋውስ?»