ደባርቅ ላይ 4ጂ ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት

«ራውተር ብገዛ ኔትወርኩ ይስተካከላል?» አጭሩ መልስ፦ ራውተር ኔትወርክ አይፈጥርም፤ ያለውን ይቀበላል እንጂ።

ጎንደር ከተማ ውስጥ የኪስ ዋይፋይ ሊበቃ ይችላል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሰሜን ተራሮች አጠገብ ያለችው ደባርቅና ከእሷ ወዲያ ያለው ደጋ ግን ሌላ ነው። እዚያ ችግሩ ርቀት ብቻ አይደለም። ታወሩ ቅርብ ቢሆንም መሐል ላይ ሸንተረር ከገባ ሲግናሉ ይደክማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ፣ አባውት ፎን፣ ሲም ስታተስ ግቡ። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ሞክሩ።

👉 −80 ዲቢኤም አካባቢ ከሆነ ተራ ራውተር ይበቃል።
👉 −110 አካባቢ ከሆነ የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ምረጡ። አንቴናውን ጣሪያ ላይ ወደ ታወሩ አዙሩት፤ ኬብሉ ይጠር፣ ሲረዝም ሲግናል ይበላል።
👉 ጣሪያ ላይም «ኖ ሰርቪስ» ካለ ብራችሁን ያዙ።

መብራት ለሚቆራረጥበት፦ ብዙ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ከሶላር ባትሪ ጋር ይስማማሉ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን እዩ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም አንቴና አይፈታም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ውድ ራውተር የገዛውም ያልገዛውም እኩል ጨለመበት። መሣሪያ መምረጥ የእኛ ነው። ታወር መትከልና መስመር አለመዝጋት ግን የኦፕሬተሮችና የመንግሥት ሥራ ነው፤ በራውተር ብር አይተካም።