የጓሮው ባቡር

በኢምፔሪያል ሰፈር እኔና ጓደኞቼ በጓሮ ሐዲድ ዘርግተን የሰርዲን ጣሳ ፉርጎ ስናስኬድ «የሕፃን ጨዋታ ነው» የሚሉን አሉ። እኔ ግን ይህን አስተያየት አልቀበለውም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጂቡቲ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ይኸውም ለ22 ተኩል ሲካፈል 45 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በውጭ አገር ብዙዎቹ የጓሮ ባቡር ወዳጆች የሚዘረጉት ሐዲድም ይኸው 45 ነው። እንግዲህ ከአሮጌው ባቡራችን የተሻለ ለጓሮ የሚስማማ ከየት ይገኛል? ደግሞስ መስኮቱንና በሩን ሁሉ ለ22 ተኩል ማካፈል የሕፃን ሥራ ነውን? አዲሱ ባቡር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ መነሻውም ለቡ እንጂ ለገሃር አይደለም። የቦሌ ልጅ አውሮፕላን ሲያይ ይውላል፤ ፉርጎ ግን አያውቅም። ስለዚህ የተከበሩ መምህራኖቻችን ከትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ጥቂት ሜትር ይፍቀዱልን። የአዋሽን ድልድይ እኛ እንሠራለን፤ ለመንኰራኵር የሚሆነውንም ቆርኪ እናዋጣለን።