«አልፏል» የተባለ ሁሉ አልፏልን?



ከእኛ መካከል በሶፍትዌር ሥራ የምንተዳደር አለን። ሰሞኑን የያዝነው ሥራ አሮጌ የሼል ስክሪፕቶችን ማጽዳት ነው። ስክሪፕቶቹ ፕሮግራም የሚገነባ መሣሪያ በትክክል መሥራቱን ይፈትሻሉ። አንዱ ከሌላው እየተገለበጠ ተጽፈው ለዓመታት ማንም ሳይነካቸው ኖረዋል። ሁልጊዜም «አልፏል» ይላሉ።

ስንከፍታቸው ግን ደነገጥን። በሼል ሁለት ትእዛዞች በፓይፕ ሲያያዙ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው ትእዛዝ ውጤት ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ግንባታው ነበር፤ ሁለተኛው የወጣውን ጽሑፍ ወደ ፋይል የሚገለብጥ ብቻ። ግንባታው ቢወድቅም ግልበጣው ስለተሳካ ፈተናው «አልፏል» ይል ነበር።

ይህ የእኛም ታሪክ አይደለምን? እሑድ በር ላይ «እንዴት ሰነበትክ?» ስንባባል «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። የሚቆጠረው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። በሳምንቱ ውስጥ የወደቀው ሁሉ፣ የቆመው ጸሎት፣ የተናጋው ትዳር፣ የተደበቀው ሱስ፣ ሳይታይ ያልፋል። ምስጋናው ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ ጥያቄያችን ግን ውድቀትን ሊያገኝ የማይችል ጥያቄ ሆኗል።

አውቶሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ ለፈተና ስክሪፕቶች ደንብ አለው። ስክሪፕቱ ሲጨርስ 0 ከመለሰ አልፏል፤ 77 ከመለሰ ፈተናው ተዘሏል። የተዘለለው ካለፈው ጋር አይቆጠርም። እኛ ግን ያልጠየቅነውን ስንቱን «በርትቷል» ብለን ቆጥረናል! ከኅብረት የቀረችውን እህት «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ብለን ትተናታል።

አንዳንዶች «እስካለፈ ድረስ አትንኩት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አርጅቷልና ይጣል» ይላሉ። በሁለቱም አንስማማም። አሮጌ ስክሪፕት ብዙ ጊዜ በአንድ ወቅት የተገኘ ስህተትን ይጠብቃል፤ ቢጣል ስህተቱ ሲመለስ የሚያየው አይኖርም። የደቀ መዝሙር ትምህርታችንና የሽማግሌዎች የቤት ጉብኝትም እንዲሁ ነው። አነጋገሩ ይታደስ፤ ጥያቄው ግን አይለስልስ። እኛ ስክሪፕቱን ካጸዳን በኋላ ለሙከራ መሣሪያውን ሆን ብለን እናበላሸዋለን። ፈተናው «ወድቋል» ሲል ያን ጊዜ እናምነዋለን።

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስ አማኞች በእምነት መኖራቸውን ራሳቸው እንዲመረምሩ አሳስቧቸዋል (2ኛ ቆሮ. 13፥5)። በዚያው ምዕራፍ ጌታ የሰጠው ሥልጣን ለማነጽ እንጂ ለማፍረስ እንዳልሆነ ይናገራል። መፈተሽ ለግንባታው ነው።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ወደ እርሱ ለመምጣት አስቀድማችሁ ማለፍ አይጠበቅባችሁም። የመጣው ለወደቁት ነው፤ እኛም ከእነርሱ ነን።

በዚህ ሳምንት አንድ ሰው «ደህና ነኝ» ሲለን ቀጥለን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ መልሱንም ቆመን እንስማ። ጌታ ይርዳን።