ስለ ኃይል ማመንጫና ስለ ሚዛን

«ኃይል ይመንጭ እንጂ የትም ይሠራ» የሚል ንግግር ከብዙ ወጣቶች አፍ ይሰማል። ንግግሩ አገር መውደድ ይመስላል፤ ነገር ግን የስንፍና ልጅ ነው። ሥራን ወዶ ማሰብን የጠላ ሰው ለአገሩ ግማሽ ወዳጅ ነው።

የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚተከልበትን ስፍራ የሚመርጥ ሰው ብዙ መልካም ነገሮች በአንድነት ይጠይቁታል። መብራት እንዲበዛ፣ ወጪው እንዲያንስ፣ ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል፣ ዓሣ አጥማጁ እንዳይራብ፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ውበት እንዳይጠፋ። ሁሉም መልካም ናቸው፤ ሆኖም በአንድ ስፍራ ሁሉም በሙላት አይገኙም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»።

ለዚህ ጢስ ዓባይ ምስክር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በፏፏቴው አጠገብ የተሠራው ትንሽ ማመንጫ ከወንዙ ጥቂቱን ብቻ ይጠልፍ ነበር። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ2001 ደግሞ ከ70 ሜጋዋት የሚበልጥ ሁለተኛ ማመንጫ ተጨመረ። ያን ጊዜ ከ40 ሜትር ከፍታ እያጓራ ይወርድ የነበረው ውሃ ወደ ቦይ ገባ፤ ገደሉም አብዛኛውን በጋ ራቁቱን ቀረ። በ2003 ድርቁና ለማመንጫው የተለቀቀው ውሃ ተባብረው ጣናን እጅግ አጎደሉት፤ የጀልባዎች ጉዞ እስኪቋረጥ ድረስ።

በ2010 ግን የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ተመርቶ ከ300 ሜትር በላይ እንዲወርድ ተደረገ፤ ማመንጫውም 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። አንድ እንስራ ውሃ በበለስ በኩል ሲወርድ በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ኃይል ከአምስት እጥፍ በላይ ይሰጣል። እንግዲህ ስፍራን መምረጥ ምን ያህል እንደሚለያይ ተመልከቱ! ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ወደ በለስ የሄደ ውሃ በፏፏቴው አያልፍምና።

በሌላው ወገን «ወንዙ ፈጽሞ አይነካ» የሚሉ አሉ። እነዚህም ይህን የሚጽፉት በአምፑል ብርሃን ተቀምጠው ነው። የፏፏቴው ጢስ ውብ ነው፤ እናት በጓዳ ዓይኗን የሚያጠፋው የማገዶ ጢስ ግን ውብ አይደለም። የእርሷን ድካም ሳይመዝን ስለ ውበት የሚከራከር ሰው ሚዛኑ በአንድ ወገን ብቻ የተንጠለጠለ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ ወይም ሹም የሚሆን አይጠፋም። የሜጋዋቱ ቁጥር በተጻፈበት ገጽ ላይ የሚጎዳውም ሰው ይጻፍ። ይህም የመጀመሪያው ድንጋይ ሳይጣል ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ምክክር ለቅሶ መድረስ ነው። መሬቱን የሚለቅ ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ካሳውን ይቀበል፣ መብራቱንም ከሁሉ በፊት ያግኝ። ሽቦው በጣሪያው ላይ እያለፈ እርሱ በኩራዝ ቢያመሽ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው በእርሱ ተፈጸመ ማለት ነው።

መምረጥ ግድ ነው፤ የሚቀረውንም ነገር በስሙ ጠርቶ መተው ይገባል። ሳይመዝን የሚሠራ ሰው ግን መረጠ አይባልም፤ ዕዳውን ለሌላ ሰው ተከለ እንጂ።