ስለ ሰርቨር አዘጋግ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ስለ ሰርቨር ምን አገባቸው የሚሉ እንደማይጠፉ እናውቃለን። የምንመዘገበውም፥ ውጤታችንን የምናየውም በሰርቨር ከሆነ ዘንድ ግን ያገባናል።

ባለፈው የምዝገባ ሳምንት ብዙዎቻችን ቅጹን ሞልተን ልንጨርስ ስንል ገጹ ድንገት ጠፋ። ምክንያቱን ብንጠይቅ «ሰርቨሩ ተዘግቶ ተነሣ» ተባልን። መዘጋቱን አንቃወምም፤ አዲስ ፕሮግራም ሲጫን ወይም ሜሞሪው ሲጨናነቅ ዘግቶ ማስነሣት ግድ ነው። የምንቃወመው አዘጋጉን ነው።

አፕሊኬሽን ሰርቨር የሚባለው በተጠቃሚውና በመረጃ ቋቱ መካከል ቆሞ ጥያቄ የሚቀበል፥ ማን ገብቶ ምን ላይ እንደ ደረሰም የሚያስታውስ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለአፓቼ የተበረከተውን ቶምካትን እንውሰድ። የማስነሻ ትእዛዝ እንዳለው ሁሉ የመዝጊያ ትእዛዝም አለው። በዚህ በደንበኛው መንገድ ሲዘጋ አዲስ እንግዳ መቀበሉን ይተዋል፤ ፕሮግራሞቹም ከመረጃ ቋቱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲፈቱ ዕድል ይሰጣል፤ አስቀድሞ ታዝዞ እንደ ሆነም ተጠቃሚዎቹ የደረሱበትን በፋይል ጽፎ ያኖራል።

በሊኑክስ ላይ ደግሞ «ኪል» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ስሙም ግደል ማለት ነው። በዚህ ትእዛዝ ቁጥር 15 ቢላክ ልመና ነው፤ ፕሮግራሙ ሰምቶ፥ ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ቁጥር 9 ሲላክ ግን ለፕሮግራሙ እንኳ አይነገረውም። ባለበት ይወድቃል፤ በእጁ ይዞት የነበረው ሁሉ አብሮት ይጠፋል።

በዌብሎጂክም የአስተዳዳሪው ገጽ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አንደኛው ሥራው ሲያልቅ ዝጋ፥ ሁለተኛው አሁኑኑ በግድ ዝጋ። እስከ መቼ እንደሚጠበቅም አስተዳዳሪው በሴኮንድ ይወስናል። እንግዲህ መሣሪያው መታገሥን ያውቃል፤ የቸኮለው ሰው ነው።

«የደነዘዘ ሰርቨር ልመና አይሰማም» ይሉናል። እውነት ነው፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ 9ን የላከውን አንወቅስም፤ በተለይ አለቃው በስልክ የሚጮኽበትን ወጣት ባለሙያ። ነገር ግን 9ን የመጀመሪያ መሣሪያ ማድረግ ምን ይባላል? ዶከር እንኳ ኮንቴይነር አቁም ሲባል በመጀመሪያ ይለምናል፤ ሌላ ካልታዘዘም 10 ሴኮንድ ያህል ጠብቆ ነው በግድ የሚያቆመው።

ይሁን እንጂ 10 ሴኮንድ ለፕሮግራም ይበቃ ይሆናል እንጂ በቀሰስተኛ መስመር ቅጽ ለሚሞላ ተማሪ አይበቃም። እዚህ ላይ ትእዛዙ ብቻ አያድንም፤ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚዘጋበት ሰዓት ከአንድ ቀን በፊት በገጹ ላይ እንዲጻፍ፥ ሰዓቱም ሌሊት እንዲሆን፥ በግድ በተዘጋ ቁጥር ምክንያቱ ተመዝግቦ ለተማሪዎች ማኅበር እንዲገለጽ እንጠይቃለን። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም።